ወፍጮው የማን ነው? ቴክኖሎጂና ተፈጥሮ በፋንታሲ ዓለማት

ስለ ፋንታሲ ሥነ ጽሑፍ ሲነሣ አዘውትሮ የሚሰማ አንድ ፍርድ አለ። ዘርፉ ማሽን ይጠላል፣ ጫካ ያመልካል፤ ደጋጎቹን ገጸ ባሕርያት ዛፍ ሥር፣ ክፉዎቹን ጭስ ውስጥ ያኖራል ይባላል። ፍርዱ ከመሬት ተነሥቶ የተሰጠ አይደለም። ባለፉት 70 ዓመታት በብዛት ከተሸጡት የዘርፉ መጻሕፍት ጥቂቱን ያገላበጠ ሰው፣ ለምለም መንደርና ጥቁር ምሽግ ተፋጥጠው ማግኘቱ አይቀርም። ችግሩ ፍርዱ በትክክል የሚገልጸው የዘርፉን ደካማ መጻሕፍት ብቻ መሆኑ ነው።

ይህ ዳሰሳ ከ1759 ጀምሮ እስከ ቅርብ ዓመታት የታተሙ ሥራዎችን ያነሣል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሚከራከርበትም ሐሳብ ይህ ነው፤ ጠንካሮቹ ደራስያን ከማሽንና ከጫካ አንዱን ምረጡ አይሉንም። በፈጠሩት አገር ውስጥ ያለው መሣሪያ፣ ብረትም ይሁን አስማት፣ ምን እንደሚበላ፣ ጉልበቱ ከማን ትከሻ እንደሚወጣ፣ «ይብቃ» የማለት ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ ያሳዩናል። መጽሐፉ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በሰጠው መልስ ልክ ይከብዳል ወይም ይቀላል።

በተራሮች መካከል ያለው መካኒክ

ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆነው መነሻ የሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዐይኑ አላየም። በወጣትነቱ የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጄሮኒሞ ሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳትሞ ነበር፤ የቀረውን በምናቡ ሞላው። በ1759 ባሳተመው በዚህ መጽሐፍ የንጉሡ ልጆች፣ የመንገሥ ተራ እስኪደርሳቸው፣ በአማራ ምድር በተራሮች በታጠረ ሸለቆ ውስጥ በድሎት ይኖራሉ። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት ይህ ታሪክ ዛሬ ፋንታሲ ከምንለው ዘርፍ አስቀድሞ የተጻፈ ቢሆንም፣ ምናባዊ ማኅበረሰብ ፈጥሮ መሣሪያን በውስጡ መፈተን ምን እንደሚመስል ከማንም በፊት ካሳዩት አንዱ ነው።

በሸለቆው አንድ መካኒክ አለ። ጅረት የሚያዞረው ጎማ ሠርቶ ውሃውን ወደ ማማ ያወጣል፤ ከማማው ለቤተ መንግሥቱ ክፍሎች ሁሉ ያከፋፍላል። በአትክልቱ ስፍራ ያለውን ዳስ በሰው ሠራሽ ካፊያ ያቀዘቅዛል። ይህን ሁሉ ማንም አይፈራውም። መካኒኩ ክንፍ ሠርቼ ልብረር ሲል ግን ራሱ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ጥበቡ ከእሱና ከልዑሉ እንዳያልፍ ይጠይቃል። ምክንያቱም ክፉ ሰዎች ከሰማይ መውረድ ከቻሉ ተራራም ግንብም ባሕርም ደጋጎቹን አያድንም። አውሮፕላን ከመብረሩ 144 ዓመት በፊት የቦምብ ጣይ ስጋት ተጽፎ እናገኛለን። ከዓመት ሥራ በኋላ መካኒኩ ከአፋፍ ዘሎ ወዲያው ሐይቁ ውስጥ ይወድቃል፤ በአየር ያልጠቀሙት ክንፎች በውሃው ላይ አንሳፍፈውት ልዑሉ ጎትቶ ያወጣዋል።

አንባቢ በውድቀቱ ይስቃል፤ ጆንሰን ግን ሳቁን አስቀድሞ በጥያቄ አክብዶታል። ጎማውና ክንፉ የአንድ ሰው እጅ ሥራ ናቸው። አንደኛው የታጠረውን ሸለቆ ያስውባል፣ ሌላኛው አጥሩን ትርጉም ያሳጣል። አንዱን ተወዳጅ፣ ሌላውን አስፈሪ ያደረገው የሚያገለግሉት ዓላማ ነው።

በድርድር የተሰመረው መስመር

ሳሙኤል በትለር ኒውዚላንድ ውስጥ በግ እያረባ ይኖር በነበረበት ጊዜ፣ በ1863፣ ማሽኖች እንደ እንስሳት በዝግመተ ለውጥ ያድጋሉ የሚል ጽሑፍ በአካባቢው ጋዜጣ አወጣ። በ1872 ሐሳቡን «ኤሬዎን» በተባለ ልብ ወለድ አሰፋው። ተራራ አቋርጦ ወደማይታወቅ አገር የገባ መንገደኛ ኪሱ ሲፈተሽ ሰዓት ይገኝበታል፤ ሰዓቱ ይወረሳል፣ ባለቤቱ ይታሰራል። የዚያ አገር ሰዎች ማሽን ከሰው ፈጥኖ እያደገ ነው ያለ ሊቅ አሳምኗቸው፣ የእርስ በርስ ጦርነት ተዋግተው፣ ባለፉት 271 ዓመታት የተፈለሰፈውን ሁሉ አጥፍተዋል።

271 የምትለው ቁጥር ከየት መጣች? አጣቢ ሴቶች በብዛት የሚጠቀሙበት አንድ የልብስ መጭመቂያ ይትረፍ ወይስ ይጥፋ በሚል ለዓመታት ተጨቃጭቀው ነው የደረሱባት። በመጨረሻ መጭመቂያው አደገኛ ነው ተባለና መስመሩ እሱን ለጥቂት ከሚጠፉት ወገን እንዲያስገባ ተደርጎ ተሰመረ። ቧልቱ ስለታም ነው። ተፈጥሮአዊ በሆነ ኑሮና በማሽን ኑሮ መካከል ከሰማይ የወረደ ድንበር የለም፤ መስመሩን ሰዎች ተደራድረው ያሰምሩታል፣ የድርድሩ ዋጋ ደግሞ አጣቢዎቹ ክንድ ላይ ይወድቃል።

ከዚያ በኋላ ሁለት መጻሕፍት በአንድ ዓመት ልዩነት ተከታትለው ወጡ። ማርክ ትዌይን በ1889 አንድ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኛን ወደ ንጉሥ አርተር ዘመን ላከው። ሰውየው ትምህርት ቤት፣ ስልክና ጋዜጣ ያስገባል፤ ድንቁርናንና ግፍን ሊያጠፋ። መጨረሻው በኤሌክትሪክ ሽቦና በመትረየስ 25,000 ፈረሰኞች ማለቅ ይሆናል። ድል አድራጊዎቹም በሬሳ ክምር ተከብበው፣ ከሬሳው በሚወጣው የተበከለ አየር ይታመማሉ። የቴክኖሎጂ ተስፋን በዚህ ጭካኔ ያፈረሰ የፋንታሲ መጽሐፍ በዚያ ክፍለ ዘመን ማግኘት ይከብዳል።

ዊልያም ሞሪስ በ1890 በተቃራኒው አቅጣጫ ሄደ። «ዜና ከየትም» ብለን ልንጠራው በምንችለው መጽሐፉ የወደፊቷ እንግሊዝ ፋብሪካዎቿን አፍርሳ፣ የቴምስ ወንዝ ጠርቶ፣ ሰው ሁሉ በእጁ ሠርቶ የሚደሰትባት አገር ሆናለች። ግን በወንዙ ላይ ጭስ የሌላቸው፣ ቀዛፊም ሸራም የሌላቸው የጭነት ጀልባዎች ያልፋሉ። ተራኪው በምን ኃይል እንደሚሄዱ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ላለመጠየቅ ይጠነቀቃል። ሞሪስ ሐቀኛ ሰው ነበርና ጀልባዎቹን ሊደብቃቸው አልፈለገም፤ ሞተራቸውን ግን ሊያሳየን አልቻለም። ከእሱ በኋላ የመጡ ስንትና ስንት «ንጹሕ» የፋንታሲ አገሮች ይህንኑ ዝምታ ወርሰዋል።

ሁለቱ ወፍጮዎች

ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1892 በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ ብሉምፎንቴይን ተወለደ። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ያደገው በእንግሊዝ በርሚንግሃም ዳርቻ ባለች ሳሬሆል የምትባል መንደር ነው። በመንደሯ የውሃ ወፍጮ ነበር፤ ሕንፃው ዛሬም በሙዚየምነት ቆሟል። ከተማዋ እየተስፋፋች መንደሯን ስትውጥ አየ። በ1916 በሶም ጦርነት የምዕራብ ግንባርን ጭቃ አየ። «የቀለበቶቹ ጌታ» በ1954 እና በ1955 ሲታተም አንባቢ ከገጾቹ የእነዚህን ሁለት ነገሮች ሽታ ማሽተቱ አይገርምም።

ቶልኪንን የማሽን ጠላት ነው የሚሉት ሰዎች በአብዛኛው የሚጠቅሱት አይዘንጋርድ የተባለውን ምሽግ ነው። ሳሩማን የተባለው ጥበበኛ ዛፎቹን ቆርጦ ለእቶን ይማግዳል፣ ምድሩን ቆፍሮ የጦር ዕቃ ያመርታል፤ ኤንቶች የሚባሉት የዛፍ እረኞች ተነሥተው ያጥለቀልቁበታል። ከዚህ ይልቅ የደራሲውን አሳብ የሚያሳየው ግን በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ያለው የወፍጮ ነገር ነው። ሻየር በምትባል አገር የሚኖሩት ሆቢቶች ከወናፍ፣ ከውሃ ወፍጮና ከእጅ ሽመና ዕቃ የበለጠ የተወሳሰበ ነገር አይወዱም። እነዚህን ሦስቱን ግን ይጠቀማሉ፤ የሻየር መንደሮች እህላቸውን ሲያስፈጩ ኖረዋል። ጀግኖቹ ከጦርነት ሲመለሱ ሎቶ የተባለ ባለ ሀብት አሮጌውን ወፍጮ አፍርሶ ትልቅ አዲስ ወፍጮ መትከሉን ይሰማሉ። አንድ ገበሬ ነገሩን ሲያስረዳ የሚፈጨው እህል እንዳልጨመረ፣ አሮጌው ይበቃ እንደነበር ይናገራል። ሳሩማን አገሩን በእጁ ካስገባ ወዲህ ደግሞ ወፍጮው ጭራሽ መፍጨት ትቷል። ቀን ከሌት ይቀጠቅጣል፣ ያጨሳል፣ ቆሻሻውን ወንዙ ውስጥ ይለቃል።

እህል የማይፈጭ ወፍጮ የቶልኪን ክስ ማጠቃለያ ነው። የተከሰሰው መንኮራኩሩ አይደለም፤ ከሰፈርተኛው ፍላጎት ተነጥሎ ለባለቤቱ ሥልጣን ብቻ የሚዞር መንኮራኩር ነው። በ1951 ገደማ ለአሳታሚው ሚልተን ዋልድማን በጻፈው ረጅም ደብዳቤ ማሽንና አስማት ሰዎች ከሚያስቡት በላይ የቀረበ ዝምድና እንዳላቸው ገልጿል፤ ሁለቱም የሌላውን ፈቃድ ለመጨፍለቅና ፍላጎትን ቶሎ ለማስፈጸም ሲውሉ አንድ ናቸው። ቀለበቱ ራሱ የተሠራ ዕቃ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይበጃል።

የመመገቢያውን ጥያቄም አልዘለለም። ከጠላት አገር ከሞርዶር የሚወጣው ሠራዊት ምን ይበላል? በኑርነን ሐይቅ ዙሪያ ባሪያዎች የሚያርሱት ሰፊ እርሻ አለ። ብዙ አንባቢ ይህን ዐረፍተ ነገር ሳያየው ያልፋል። ከድሉ በኋላ አዲሱ ንጉሥ ባሪያዎቹን ነጻ አውጥቶ መሬቱን ለእነሱ ሰጥቷል።

ክርክሩ ግን አልተዘጋም። እንግሊዛዊው ደራሲ ማይክል ሙርኮክ በ1978 ባወጣው ኃይለኛ ጽሑፍ ቶልኪንንና መሰሎቹን የገጠር ናፍቆት የሚያባብሉ፣ የከተማን ሠራተኛ የሚፈሩ ወግ አጥባቂዎች ብሎ ወቀሳቸው። ፓትሪክ ከሪ ደግሞ በ1997 በጻፈው መጽሐፍ ለቶልኪን ተሟገተለት፤ ለዛፍ መቆርቆርን ናፍቆት ብሎ ማጣጣል ዘመኑ የደረሰበትን የአካባቢ ጥፋት አለማየት ነው አለ። በእኔ ግምት ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። የክፉው ወገን ወታደሮች የሆኑት ኦርኮች የፋብሪካ ሠራተኛ ይመስላሉ፣ ድምፅ ግን የላቸውም፤ ሙርኮክ እዚህ ላይ ልክ ነው። ኤልፎች የተባሉትን ሕዝቦች በሚመለከት ግን ቶልኪን ራሱን ከማንም አስቀድሞ ወቅሷል። ጊዜን በቀለበት ኃይል አቁመው አገራቸውን ሳትለወጥ ሊያኖሩ መሞከራቸውን ሬሳ እንዳይፈርስ ከማድረቅ ጋር አመሳስሎታል። ተፈጥሮን እንዳለች ማቆየትም ለእሱ ከተፈጥሮ ጋር መጣላት ነበር።

አስማትም ነዳጅ ይበላል

ብዙ የፋንታሲ አገሮች ማሽን የላቸውም፤ አስማት አላቸው። አስማቱ ይበርራል፣ ያበራል፣ ይፈውሳል፣ ይገድላል። ማሽኑ በሌላ ስም ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጥቂት አሜሪካውያን ደራስያን አስማት ምን ያስወጣል ብለው መጠየቅ ጀመሩ።

ኡርሱላ ሌ ጉዊን በ1968 ባሳተመችው የኧርዝሲ የመጀመሪያ መጽሐፍ ጌድ የተባለው ወጣት የአስማት ትምህርት ቤት ተማሪ ጠጠር ወደ ዕንቍ የሚለውጥ ማታለያ ይማራል። ለውጡ እንዴት እውነተኛ ሆኖ እንደሚዘልቅ ሲጠይቅ መምህሩ ይከለክለዋል። ጠጠርን በእውነት መለወጥ ዓለምን መለወጥ ነው፤ ውጤቱን ሳያውቁ አንዲት ጠጠር እንኳ ከቦታዋ መንቀሳቀስ የለባትም። በዚያ ትምህርት ቤት አንድ ደሴት ላይ የተጠራ ዝናብ ሌላው ደሴት ላይ ድርቅ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይሰጋል። የአካባቢ ሳይንስ በየጋዜጣው መነገር በጀመረበት ዘመን የተጻፈ የአስማት ሕግ ነው።

ላሪ ኒቨን በ1969 ያወጣት አጭር ልብ ወለድ ነገሩን በቀጥታ አስቀመጠችው። በጥንት ዘመን የሚኖር አንድ አስማተኛ አንድ ቦታ ብዙ ከቆየ ኃይሉ እንደሚደክም ያስተውላል። ሊፈትን ብሎ አንድ የብረት ገበታ ያዘጋጃል፤ ሳያቋርጥ በፍጥነት ላይ ፍጥነት እየጨመረ እንዲሽከረከር ይደግምበታል። ገበታው በዙሪያው ያለውን የአስማት ኃይል ጨርሶ እስኪውጥ ይዞራል፤ ከዚያ በዚያ ሥፍራ ምንም ድግምት አይሠራም። አስማት እንደ ማዕድን የሚያልቅ ሀብት ነበር። አስማተኛው ግኝቱን ለዓመታት ደብቆ ያኖረዋል፤ ዓለም ቢሰማ ተስፋ ይቆርጣል ብሎ። ኒቨን ሐሳቡን የነዳጅ ቀውስ በነበረባቸው 1970ዎቹ ውስጥ ወደ ረጅም ታሪክ አሰፋው።

ይህን መስመር እስከ መጨረሻው የወሰደችው ኤን. ኬ. ጄሚሲን ናት። ከ2015 ጀምሮ ያወጣቻቸው የ«የተሰበረች ምድር» ሦስት መጻሕፍት የሁጎን ሽልማት ከ2016 እስከ 2018 በተከታታይ አሸንፈዋል፤ በምርጥ ልብ ወለድ ዘርፍ ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ደራሲም እሷ ናት። የታሪኩ አህጉር በየዘመኑ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳተ ገሞራ ይመታል። ኦሮጂን የተባሉ ሰዎች መንቀጥቀጡን በሰውነታቸው ኃይል ማብረድ ይችላሉ፤ ሕዝቡ በእነሱ ተጠልሎ ይኖራል፣ እነሱን ግን ይጠላል። አህጉሩን የሚያረጋጉ ጣቢያዎች በየቦታው ተተክለዋል። ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዷ አንዱን ጣቢያ ገብታ ስታይ ምስጢሩን ታገኛለች፤ ወንበር ላይ የታሰረ፣ አንጎሉ ተቆርጦ የተጎዳ፣ በቱቦ የሚመገብ ልጅ። አገሩን የሚያቆመው መሣሪያ እሱ ነው።

ደራሲው አሚታቭ ጎሽ በ2016 በታተመ መጽሐፉ «ቁም ነገረኛ» የሚባለው ልብ ወለድ የአየር ንብረት ለውጥን መያዝ አቅቶታል፣ ጉዳዩን ያነሡ መጻሕፍትም ወደ ሳይንስ ልብ ወለድና መሰል ዘርፎች ይገፋሉ ሲል ጽፎ ነበር። ጄሚሲን በዚያው ዓመት ሽልማቷን ስትወስድ ለክሱ በተግባር መልስ የሰጠች ይመስላል፤ የተገፋው ዘርፍ ሥራውን ይዞ ቆይቷል።

ለምለም ከተማ፣ የታሰረ ሰው

በዚህ መንገድ ከተገኙት ግንዛቤዎች ዋነኛው አረንጓዴነት ራሱ መሸፈኛ ሊሆን መቻሉ ነው። በጄሚሲን ሦስተኛ መጽሐፍ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የነበረች ሲል አናጊስት የተባለች ከተማ ትታያለች። ሕንፃዎቿ በሕያው ተክል የተሸመኑ፣ ኃይሏ ከሕይወት የሚቀዳ፣ ንጹሕና ውብ ናት። ተክሎቹ ሥር ግን የተሸነፈ ሕዝብ አካላት ኃይላቸው እየተቀዳ ተጋድመዋል። ከተማዋ ይህ አልበቃ ብሏት የምድርን እምብርት ልትቀዳ ስትነሣ ምድር ትበቀላለች፤ ጨረቃም ከምሕዋሯ ተፈናቅላ ትርቃለች።

ጃማይካዊው ማርሎን ጄምስ በ2019 ባሳተመው «ጥቁር ነብር፣ ቀይ ተኩላ» ውስጥም ዶሊንጎ የምትባል ከተማ አለች። በግዙፍ ዛፎች ላይ የተገነባች፣ በሯ ሳይነኩት የሚከፈት፣ ሠረገላዋ በገመድ ላይ የሚንሸራተት አስደናቂ ከተማ ናት። ተራኪው ግድግዳውን ሰብሮ ሲመለከት ውስጡ በገመድ የተጠፈረ ባሪያ ያገኛል። በሩን የሚከፍተው እሱ ነበር። የሞሪስ ተራኪ ያልጠየቀውን ጥያቄ የጄምስ ተራኪ ግድግዳ አፍርሶ ጠየቀ። በሁለቱ መካከል ያለው 129 ዓመት ዘርፉ የተጓዘበት ርቀት ነው።

ጢስ ያለበት ፋንታሲ

ሌላ ቡድን ደራስያን ደግሞ ከገጠሩ ወጥተው ፋብሪካውን ፋንታሲ ውስጥ ተከሉት። በማይክል ስዋንዊክ የ1993 ልብ ወለድ የተሰረቁ የሰው ልጆች ዘንዶ በሚመረትበት ፋብሪካ ይሠራሉ፤ ዘንዶዎቹ የብረት የጦር መሣሪያ ናቸው። ቻይና ሚዬቪል በ2004 ባወጣው «የብረት ምክር ቤት» የሐዲድ ሠራተኞች አድማ መትተው ባቡሩን ይነጥቃሉ። ከኋላ ሐዲዱን እየነቀሉ ከፊት እያነጠፉ፣ ካርታ ላይ በሌለ ምድረ በዳ ባቡራቸውን ይዘው ይሸሻሉ። ባቡሩ ያው ነው፤ ባለቤቱ ተለወጠ።

ከሁሉ በላይ በዚህ መንደር የኖረው ቴሪ ፕራቼት ነው። ዲስክወርልድ የተባለው ዓለሙ በ1983 ሲጀመር የፋንታሲ ልማዶች መቀለጃ ነበር። እየቆየ ማተሚያ ቤት፣ የመልእክት ማማዎች፣ በ2013 ባቡር ገቡበት። በ2004 በታተመው መጽሐፍ ማማ ለማማ በመዝጊያና በብርሃን ምልክት የሚሠራውን የመልእክት መረብ የገነቡት መሐንዲሶች በገንዘብ ሰዎች ተንኮል ይነጠቃሉ። አዲሶቹ ባለቤቶች የጥገና ጊዜ ይቀንሳሉ፣ ሠራተኞች ከማማ እየወደቁ ይሞታሉ። ጓደኞቻቸው ግን የሟቹን ስም በመልእክቱ መረብ ላይ ከማማ ማማ እንዳያቋርጥ እያዞሩ ያኖሩታል። ፕራቼት በ2015 ሲሞት አንባቢዎቹ ይህንኑ አደረጉ፤ ስሙ በብዙ የኢንተርኔት ሰርቨሮች ምላሽ ውስጥ ተሰክቶ ሳይታይ ይጓዛል። የፕራቼት ዓለም ቴክኖሎጂን አይፈራም፣ አያመልክም። መሣሪያውን ከሠሩት፣ ከሚጠግኑትና ከወረሱት ሰዎች ለይቶ አያየውም።

ከዛፉ ጋር የተስማሙት

ታዲያ ቴክኖሎጂና ተፈጥሮ የተስማሙበት አገር በዘርፉ የለም? አለ፤ ግን ስምምነቱ የሚያሳምነው በዝርዝር ሲታይ ነው። ምርጡ ምሳሌ በፊሊፕ ፑልማን የ2000 መጽሐፍ «የአምበር መነጽር» ውስጥ ያሉት ሙሌፋዎች ናቸው።

ሙሌፋ አራት እግር ያለው፣ ኩምቢ ያለው እንስሳ ነው፤ ይናገራል፣ ያስባል፣ ያስታውሳል። በአገሩ ግዙፍ ዛፎች አሉ፤ ከእነሱም እንደ ጎማ ክብና ጠንካራ ፍሬ ይወድቃል። ሙሌፋዎቹ ፍሬውን በጥፍራቸው መሐሉ ላይ ሰክተው በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መንገዶች ላይ ይጋልቡበታል። ፍሬው በጣም ጠንካራ ስለሆነ ብቻውን አይፈነዳም። በመንገዱ ሲንከባለልና ሲንገጫገጭ ቆይቶ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ሙሌፋዎቹ ዘሩን አውጥተው ይተክሉታል፣ ችግኙን ይንከባከባሉ። ዛፉ ያለ ጎማ ተጠቃሚ አይራባም፤ ተጠቃሚው ያለ ዛፍ አይሄድም። ጎማ፣ ዘይት፣ መንገድና ዘር አንድ ሰንሰለት ናቸው።

ሌላም ዝርዝር አለ። ሙሌፋ እጅ የለውም። መረብ ሲሠራ ቋጠሮ ለመቋጠር የሁለት ሙሌፋ ኩምቢ ያስፈልጋል። ወደ አገሩ የደረሰችው ሳይንቲስት ሜሪ ማሎን በሁለት እጇ ብቻዋን ቋጠሮ ስትቋጥር መጀመሪያ ኩራት ይሰማታል፤ ቀጥሎ ግን ብቻዋን መሥራት መቻሏ ከሌሎች እንደሚለያት ይገባታል። መሣሪያ ማኅበራዊ ኑሮን እንዴት እንደሚቀርጽ በዚህች አንዲት ቋጠሮ ከብዙ ድርሰት የበለጠ ተነግሯል። ፑልማን ሰላሙንም ዘላለማዊ አላደረገውም። ዛፎቹ እየሞቱ ነው፤ ሜሪ ምክንያቱን የምታገኘው ከዛፉ ሙጫ በሠራችው መነጽር ነው። መፍትሔ ፍለጋው ከሙሌፋዎቹ ዕውቀትም ከእሷ ሳይንስም ይጀምራል።

ናይጄሪያዊት አሜሪካዊቷ ኔዲ ኦኮራፎር በ2005 ባሳተመችው የልጆች ልብ ወለድ «ዛራ ነፋስ ፈላጊዋ» ውስጥ ኮምፒውተር ከዘር ይበቅላል፣ ቤትም ተክል ነው። መጽሐፉ በ2008 የወሌ ሾይንካ ሽልማትን አግኝቷል። ቁም ነገሩ የዚያ አገር ሰው ተክል ውስጥ እየኖረ ከከተማው ዳር ያለውን ጫካ መፍራቱ፣ መከልከሉና አለማጥናቱ ነው። ለምለም ቴክኖሎጂ ብቻውን ሰውን ከተፈጥሮ አያስታርቅም።

ሌ ጉዊን በ1985 «ሁልጊዜ ወደ ቤት ስንመለስ» ልንለው የምንችል ወፍራም መጽሐፍ ይዛ ተመለሰች። ኬሽ የተባሉት ሕዝቦች በሩቅ መጪ ዘመን በካሊፎርኒያ ናፓ ሸለቆ ይኖራሉ። ያርሳሉ፣ ይሸምናሉ፣ ይዘፍናሉ። ራሱን የሚያስተዳድር የኮምፒውተሮች መረብም በዓለም ላይ አለ፤ በሸለቆውም መገናኛው ተተክሎላቸዋል። የሚፈልጉትን ይጠይቁታል፤ በአብዛኛው ግን አይፈልጉትም። ጎረቤቶቻቸው ኮንዶሮች ከዚያው መረብ የጦር መሣሪያ ዕውቀት ወስደው ታንክና አውሮፕላን ሲሠሩ፣ አገራቸው የምትሸከመው ስላልሆነ ራሳቸውን ያደክማሉ። ዕውቀቱ ለሁለቱም እኩል ቀርቦ ነበር፤ ልዩነቱ «ይብቃ» ማለት መቻሉ ላይ ነው።

ጃፓናዊው ሃያኦ ሚያዛኪ ከ1982 እስከ 1994 በሥዕል ታሪክ መልክ ያወጣው «ናውሲካ» ደግሞ የመጨረሻውን ድንበር ያፈርሳል። ዓለምን የወረረው መርዘኛ ጫካ ምድርን እያጸዳ ያለ የተፈጥሮ ኃይል መስሎ ይቆያል። በመጨረሻ ጫካው ራሱ የጥንት ሳይንቲስቶች የሠሩት መሆኑ ይገለጣል፤ ሰዎቹም ሳይቀሩ ከተበከለው አየር ጋር እንዲስማሙ ተለውጠዋል። እዚህ ላይ ጫካና ማሽን ብሎ መለየት ትርጉም ያጣል፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ናውሲካ የምትወስነው ባልመረጠችው ሁኔታ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ብቻ ነው።

ፍርድ

ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ፋንታሲ ከማሽን የሚሸሽ ዘርፍ ነው የሚለው ክስ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ዘርፉ ሲያብብ የሚያሳየን በከተማ ኑሮ የተሸፈነብንን ነው፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ከግድግዳው በስተጀርባ ማን እንዳለ። ሲደክም ደግሞ ሞተር የሌለው ጀልባ ያሳየንና እንዳንጠይቅ ይለምነናል። ከላይ ከተነሡት ውስጥ ለሦስቱም ጥያቄዎች ሙሉ መልስ የሰጡት ጄሚሲንና ፑልማን ናቸው፤ አንዷ በግፍ በኩል፣ ሌላው በስምምነት በኩል። ቶልኪን የባለቤትነቱን ጥያቄ ከሁሉም በተሻለ አነሣ፤ የሠራተኛውን ድምፅ ግን አላሰማንም። ያንን ፕራቼት ሞላው።

በአማርኛ ፋንታሲ ለመጻፍ ለሚነሣም ጥሬ ዕቃው እጁ ላይ አለ። አገራችን ማረሻውን የሚቀጠቅጥላትን ባለ እጅ «ቡዳ» ብላ ስትሸሸው፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል ስትል የኖረች አገር ናት። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን የሚሰድብ እንዳይኖር በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ቴክኖሎጂ፣ አስማትና ፍርሃት በአንድ ሰው ላይ የተጫኑበት እንዲህ ያለ ታሪክ እያለን የሌላ አገር ቤተ መንግሥትና ዘንዶ መቅዳት አያስፈልገንም። ጸሐፊዎቻችን ከቀጥቃጩ ወናፍ ይጀምሩ፤ ከሰሉ ከየትኛው ጫካ እንደመጣ፣ ማረሻው የማንን ማሳ እንዳረሰ፣ ቀጥቃጩም ከእህሉ ምን እንደደረሰው ይጻፉልን።